ጊታሩ ስዘፍን ብቻ ለምን ዝዝ ይላል?

ጥያቄው እንዲህ ነው፦ «ጊታር ከያዝኩ ስምንት ወር ሆነኝ። ዋና ዋናዎቹን ኮርዶች እቀያይራለሁ፣ ግርፉም ብቻውን ሲሆን አያስቸግረኝም። መዝፈን ስጀምር ግን እጄ ወይ ይቆማል ወይ የዘፈኑን ቃል እየተከተለ ይመታል። ጓደኞቼ ‹አንቺ ወይ ዝፈኚ ወይ ምቺ› እያሉ ይስቁብኛል። ክሮቹም ዝዝዝ ይላሉ፣ ስዘፍን ደግሞ ይብሳል። ጊታሩ ይሆን የተበላሸው? ልቀይረው?»

አትቀይሪው። ቢያንስ ገና ነው።

ጊታር ማስተማርም መጠገንም ስራዬ ስለሆነ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሲመጣ መጀመሪያ የምፈልገው አንድ ፍንጭ ነው። አንቺ ሳታስቢው ሰጥተሽኛል፦ «ስዘፍን ይብሳል»። ጊታር ባለቤቱ እየዘፈነች ይሁን ዝም ብላ አያውቅም። አንገቱ የተጣመመ ወይም ፍሬቱ (አንገቱ ላይ በአግድም ከተደረደሩት ቀጭን ብረቶች አንዱ) የተነሳ ጊታር ስትዘፍኚም ዝም ስትዪም እኩል ነው የሚንጫረረው። ስትዘፍኚ ከባሰ የተቀየረው እንጨቱ ሳይሆን እጅሽ ነው። ስለዚህ ሁለት ጥያቄ የመሰለሽ ነገር ቢያንስ በግማሹ አንድ ጥያቄ ነው።

ምን ይቀየራል? ሐሳብሽ ወደ ግጥሙ ሲሄድ ግራ እጅሽ ጠባቂ ያጣል። ጣቶችሽ ከፍሬቱ ትንሽ ወደ ኋላ ይንሸራተታሉ፣ ይላላሉም። ድምፅሽ ከፍ ሲል ደግሞ ቀኝ እጅሽ አብሮ ይጋጋላል። ዘፈኑ የሚደምቅበት ቦታ ላይ ስትደርሺ ክሮቹን እንደ ጠላት ነው የምትገርፊያቸው። ክር በኃይል ሲመታ ሰፋ አድርጎ ይርገበገባል፣ ሰፋ ሲል ከፊቱ ያሉትን ፍሬቶች ይነካል፣ ሲነካ ዝዝ ይላል። በጣም ጤነኛ የሆነ ጊታርም ከልክ በላይ ከመታሽው ዝዝ ይላል።

ሦስተኛ ነገር አለ፣ ብዙ ሰው የማያስተውለው። ጣቶችሽን ለማየት ጊታሩን ወደ ላይ ታጋድሚዋለሽ። ሲጋደም የግራ እጅሽ አንጓ ይታጠፋል፣ የታጠፈ አንጓ ጣቶቹን ያስተኛቸዋል፣ የተኛ ጣት ደግሞ ጎረቤቱን ክር ይነካል። በዚያ ላይ አንገትሽን ስለደፋሽ ድምፅሽም ይታፈናል። በአንድ ጎንበስ ማለት ሁለቱንም ታበላሺያለሽ። ጊታሩን ቀጥ አድርገሽ ያዢ፣ የፊቱ እንጨት ወደ ፊት ይይ እንጂ ወደ ጣሪያ አይይ። መጀመሪያ ላይ ጣትሽን ስለማታዪው ትሳሳቺያለሽ። ተሳሳቺ።

አሁን ዝዝታውን እንለይ፤ እሱ ቶሎ ያልቃል። ዘፈኑ ግን ሳምንታት ይወስዳል።

ጊታሩን በቲውነር በደንብ ቃኚ። ከዚያ አንድ ክር፣ አንድ ፍሬት እያልሽ በመካከለኛ ጉልበት ነካ ነካ አድርጊ፣ አትዝፈኚ። ስድስት ክር እስከ 12ኛው ፍሬት 72 ድምፅ ነው፣ ስድስቱን ባዶ ክሮች (ጣት ሳያርፍባቸው የሚመቱትን) ስትጨምሪ 78። አሰልቺ ነው፣ ግን ከአስር ደቂቃ አያልፍም። ጣትሽን የምታሳርፊው ከፍሬቷ ብረት ልክ ከኋላዋ ተጠግተሽ ይሁን፣ በራሷ ላይም መሃል ቦታው ላይም አይደለም። ለመተማመን አንዱን ክር መሃል ቦታው ላይ ይዘሽ ጉልበትሽን ቀስ በቀስ ቀንሺ፣ ዝዝታው ሲጀምር ምን ያህል እየተጫንሽ እንደነበር ልብ በዪ። ከዚያ ወደ ብረቷ ተጠግተሽ ድገሚው። በጣም ባነሰ ጉልበት ንጹህ ድምፅ ታገኛለሽ። ብዙ ጀማሪ «ጣቴ ደካማ ነው» የሚለው ጣቱ ሰንፎ ሳይሆን ቦታው ስቶ ነው።

78ቱም ንጹህ ከሆኑ ጊታርሽ ደህና ነው። ቀጥታ ወደ ዘፈኑ ክፍል እለፊ። ካልሆኑ ዝዝ ያለውን ቦታ በወረቀት ላይ ጻፊ፤ ቦታው ነው ምክንያቱን የሚናገረው።

ባዶ ክር ላይ ብቻ ዝዝ ካለና ፍሬት ስትይዢ ከጠፋ፣ አንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹ የሚያልፉባትን ነት የምትባለዋን ቁራጭ ጠርጥሪ። ክሩ የተቀመጠበት ጭረት ከልክ በላይ ጠልቆ ሊሆን ይችላል። ክሩን በ2ኛውና በ3ኛው ፍሬት መሃል ተጫኚና 1ኛው ፍሬት ላይ ተመልከቺ። በክሩና በብረቷ መካከል እንደ ወረቀት የሳሳች ክፍተት መኖር አለባት። ክሩ ብረቷ ላይ ከተኛ ጭረቱ ጠልቋል። ለጊዜው ቁራጭ ወረቀት ጭረቱ ውስጥ ከክሩ ስር አድርጊበት። ዝዝታው ከጠፋ ምክንያቱን አገኘሽው፣ ነቷን ደግሞ ባለሙያ ይሞላታል ወይም ይቀይራታል።

ከ1ኛው እስከ 5ኛው ፍሬት ባለው ሰፈር በብዙ ክሮች ላይ ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ አንገቱ ከልክ በላይ ቀጥ ብሏል ወይም ወደ ኋላ ጎብጧል። «ቀጥ ማለት ጥፋት ነው እንዴ?» ትዪ ይሆናል። አዎ! ክር ሲርገበገብ በጣም የሚሰፋው መሃሉ ላይ ስለሆነ አንገቱ ለዚህ የሚሆን ጥቂት ጎድጎድ ማለት አለበት። ይህን ጉድጓድ ሪሊፍ ይሉታል። ለማየት ካፖ (ክሮቹን ሁሉ በአንዴ የሚጫን መቆንጠጫ) 1ኛው ፍሬት ላይ አድርጊ፣ በሌላ እጅሽ ወፍራሙን ክር አንገቱ ከሆዱ ጋር በሚገናኝበት ፍሬት ላይ ተጫኚ፣ ከዚያ 7ኛው ፍሬት ጋ ክፍተቱን ተመልከቺ። 0.2 ወይም 0.3 ሚሊ ሜትር ያህል ይበቃል፣ የስም ካርድ ውፍረት በዪው። ክፍተቱ ጭራሽ ከሌለ አንገቱ መላላት አለበት።

የሚላላው ትረስ ሮድ በሚባለው በአንገቱ ውስጥ ባለው የብረት ዘንግ ነው። መፍቻው የሚገባበት ቀዳዳ ወይ ከነቷ በላይ ጭንቅላቱ ላይ ነው ወይ በሆዱ ቀዳዳ በኩል ውስጥ። ወደ ሰዓት አቅጣጫ ስታዞሪ ይጠብቃል፣ አንገቱም ቀጥ ይላል። በተቃራኒው ስታዞሪ ይላላል፣ ጉድጓዱም ይጨምራል። በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር አትለፊ፣ እንደገና ቃኚ፣ እንደገና እዪ። እንቢ ካለ አትታገዪው፣ ለሚያውቅ ሰው ስጪው። የተሰበረ ትረስ ሮድ ከዝዝታ በብዙ የከፋ ጣጣ ነው። ክሮችሽ ናይለን ከሆኑ ደግሞ ይህን ሁሉ እርሺው፣ አብዛኞቹ ክላሲካል ጊታሮች ይህ ዘንግ የላቸውም።

ዝዝታው ከ7ኛው ፍሬት በላይ ባሉት ላይ ወይም በየቦታው ከሆነ የክሮቹ ከፍታ ዝቅ ብሎ ይሆናል። 12ኛው ፍሬት ላይ ከብረቷ አናት እስከ ክሩ ስር በማስመሪያ ለኪ። በብረት ክር አኩስቲክ ላይ ወፍራሙ ክር 2.4፣ ቀጭኑ 1.8 ሚሊ ሜትር አካባቢ ቢሆን ለአብዛኛው ሰው ይመቻል። ከዚያ በጣም ካነሰ፣ ድልድዩ ላይ ክሮቹ የሚያርፉባት ሳድል ከፍ ማለት አለባት። ከፍታውን በትረስ ሮድ ለማስተካከል የሚሞክሩ ሰዎች ያጋጥሙኛል። ተሳስተዋል፤ ዘንጉ ለአንገቱ ቅርጽ ነው፣ ለከፍታ ሳድል አለች።

አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ ለምሳሌ 4ኛውን ስትይዢ ዝዝ ብሎ 5ኛውን ስትይዢ ከጠፋ፣ ጥፋተኛው የያዝሽው ፍሬት ሳይሆን ቀጥሎ ያለው፣ 5ኛው ነው። ከጎረቤቶቹ በላይ ተነስቷል። ጠንካራ የፕላስቲክ ካርድ በጠርዙ በሦስት ፍሬቶች አናት ላይ አቁሚ፣ እንደ ሚዛን ወዲያ ወዲህ ከተወዛወዘ መሃለኛው ከፍ ብሏል ማለት ነው። ይህን ራስሽ ለመሞረድ አትሞክሪ።

ከፍሬት ጋር ጨርሶ የማይገናኝ ዝዝታም አለ። የላላ የመቃኛ ቡሎን፣ ሳይቆረጥ የቀረ የክር ጫፍ፣ ማንጠልጠያው የሚያዝበት አዝራር። እኔ አንድ ጊዜ ሁለት ሳምንት ሙሉ አንገት ሳላላ ሳጠብቅ ከርሜ፣ ለካ የሸሚዜ ቁልፍ የጊታሩን ጀርባ እየነካ ነው የሚጮኸው! ልብስ ስቀይር ድምፁ ጠፋ። ለማንም አልነገርኩም ነበር።

እና ትናንት ደህና የነበረ ጊታር ዛሬ ዝዝ ካለ፣ አየሩንና ክሩን አስቢ። አየሩ ሲደርቅ የፊቱ እንጨት ይሰምጣል፣ ክሮቹም አብረው ይወርዳሉ። እርጥበቱ ከ45 እስከ 55 በመቶ ሲሆን ጊታር ደስ ይለዋል። ከወፍራም ክር ወደ ቀጭን፣ ለምሳሌ ከ0.012 ወደ 0.010 ኢንች፣ ከቀየርሽም ክሮቹ አንገቱን የሚስቡበት ኃይል ስለሚቀንስ አንገቱ ወደ ኋላ ይሄዳል። ያረጀ ክርም እንዲሁ ያስቸግራል፣ ስምንት ወር ሙሉ ያልቀየርሽው ከሆነ መጀመሪያ እሱን ቀይሪ። ይህን መጨረሻ ላይ መናገሬ ይቅርታ፣ መጀመሪያ መሆን ነበረበት።

ወደ ዘፈኑ።

«እጄ ቃሉን ይከተላል» ማለት እጅሽ ገና በራሱ መሄድ አልቻለም ማለት ነው። ብቻውን ሲሆን አያስቸግረኝም ያልሽው ሙሉ ትኩረትሽን ስለሚያገኝ ነው። ሁለት ነገር እኩል እያሰብን አንሰራም፤ አንዱ ሳይታሰብ መሄድ አለበት። እየተራመድሽ የምታወሪው እግርሽን ስለማታስቢው ነው። የዝግጁነት ፈተናው እንግዲህ እዚሁ ነው፦ አራት ኮርድ እያዞርሽ ምቺና እነዚያ የሚስቁብሽ ጓደኞችሽ ጥያቄ ይጠይቁሽ። ዛሬ ምን ዋልሽ፣ ማንን አገኘሽ። ሳታቆሚ መልሺላቸው። እጅሽ ከተንገዳገደ ዘፈን ገና ነው፣ ወሬ እንኳን አልቻለም። ይህን ፈተና ያለፈ ተማሪ መዝፈን ሲያቅተው አይቼ አላውቅም።

እጁ በራሱ እንዲሄድ ደግሞ መቆም የለበትም። ክንድሽ እንደ ሰዓት ፔንዱለም ይሁን። «አንድ–ና–ሁለት–ና–ሦስት–ና–አራት–ና» ብለሽ ቁጠሪ። በቁጥሮቹ ላይ እጅሽ ይወርዳል፣ በ«ና» ላይ ይወጣል፣ ሁልጊዜ። ክሩን ባትነኪውም ይወርዳል፣ ይወጣል። ግርፍ የሚለያየው እጅሽ በሚያደርገው እንቅስቃሴ ሳይሆን በየትኛው ላይ ክሩን እንደሚነካና በየትኛው ላይ በአየር እንደሚያልፍ ነው። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው፣ ዝም የሚልበት ቦታ ላይ እጁንም ያቆመዋል። እጁ ከቆመ የሚመራው ስለሚያጣ ቀጥሎ የመጣውን ቃል ይዞ ይሄዳል። የአንቺ ችግር እሱ ነው፣ ምንም አስማት የለውም።

አሁን ቃሉን በዚያ ፔንዱለም ላይ እንስቀለው። ለምሳሌ የፈጠርኳት መስመር፦ «ዛሬ ማታ ብትመጣ»። ዜማውን ተዪውና ተናገሪያት፦ «ዛ» በአንድ ላይ፣ «ሬ» በና ላይ፣ «ማ» በሁለት፣ «ታ» በና፣ «ብት» በሦስት፣ «መ» በና፣ «ጣ» በአራት። ይህ ቀላሉ ነው፣ እያንዳንዱ ቃል ከእጅ ጋር ይወርዳል ይወጣል። አሁን መጀመሪያው ላይ «እኔ» ጨምሪበት፦ «እኔ ዛሬ ማታ ብመጣ»። «እ» ካለፈው ባር (ከአንድ እስከ አራት ያለው አንድ ዙር) አራት ላይ፣ «ኔ» ከሱ ቀጥሎ ባለው ና ላይ ትወድቃለች፣ «ዛ» አሁንም አንድ ላይ ናት። ኮርዱ የሚቀየረው የት ነው? «ዛ» ላይ! አፍሽ ግን «እኔ» ሲል እጅሽ «ተጀመረ» ብሎ ኮርዱን እዚያ መቀየር ያምረዋል። ቀድሞ ይቀይራል፣ ምቱ ይዛነፋል፣ ትቆሚያለሽ። በጣም ብዙ ዘፈኖች እንዲህ ከምቱ ቀድመው ነው የሚጀምሩት፣ ስለዚህ ሰው የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። ግጥሙን ስትጽፊ የኮርዱን ስም ከቃሉ በላይ ሳይሆን ኮርዱ ከሚቀየርበት ፊደል በላይ ጻፊ። ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን ግማሹን ችግር ያቃልላል።

ዘፈን ስትመርጪ ደግሞ በእንቅልፍሽም ቢሆን የምታውቂውን ምረጪ፣ ሁለት ወይም ሦስት ኮርድ ያለው። ግጥሙን እያስታወሱ፣ ዜማውን እየፈለጉ፣ ኮርዱን እየቀየሩ መሄድ ለማንም ይከብዳል። ሜትሮኖም (ምት የሚቆጥር መሣሪያ) 60 ላይ አድርጊ። የለመድሽውን ግርፍ እርግፍ አድርገሽ ተዪና ባር በገባ ቁጥር አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ታች ምቺ፣ ክንድሽ ግን መወዛወዙን አያቁም። በላዩ ላይ ዜማውን አፍሽን ዘግተሽ አንጎራጉሪ። እሱ ከሄደ ቃሉን ያለ ዜማ ተናገሪ። ከዚያ ዝፈኚ። ግርፉን የምትመልሺው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፣ እሱም በአንድ ጊዜ አይደለም፤ መጀመሪያ አራቱንም ወደ ታች፣ ከዚያ «ና» ዎቹን አንድ አንድ እያልሽ። ብዙዎች ከመጨረሻው ስለሚጀምሩ ነው ወራት የሚፈጅባቸው።

የሚሰናከልብሽ ግራ እጅሽ ይሁን ቀኙ ካልገባሽ፣ በግራ መዳፍሽ ክሮቹን ሁሉ አፍኚያቸውና በታፈኑት ላይ እየገረፍሽ ዝፈኚ። ቻክ ቻክ ብቻ ነው የሚለው። ይህ ከሄደልሽ ቀኝ እጅሽ ደህና ነው፣ የሚያስቆምሽ የኮርድ ቅያሪው ነው። ሁለቱን አስቸጋሪ ኮርዶች ለይተሽ ለአንድ ደቂቃ ብቻ ቀያይሪያቸው፣ ስንት ጊዜ እንደቀየርሽ ቁጠሪ፣ ነገ በአንድም ቢሆን ይጨምር። በታፈነውም ላይ ከተሰናከልሽ ግን ቀኙ ነው፣ ወደ ፔንዱለሙ ተመለሺ።

ስትሳሳቺ ከዘፈኑ መጀመሪያ አትነሺ። ሁላችንም እናደርገዋለን፣ ውጤቱም መጀመሪያውን ብቻ አሳምሮ የሚችል ሰው ነው። የተሰናከልሽበትን ቃል ያዢ፣ ከሱ በፊት ግማሽ ባር፣ ከሱ በኋላ ግማሽ ባር፣ ያቺን ብቻ አዙሪያት። በቀን ሁለቴ 15 ደቂቃ፣ በሳምንት አንድ ቀን ከሚደረግ የሦስት ሰዓት ልምምድ ይሻላል።

አሁን ደግሞ የዝዝታውና የዘፈኑ ጣጣ እንደገና የሚገናኙበት ቦታ አለ። ዘፈኑ ከፍ ብሎብሽ ክሮቹን ሁሉ ዝቅ አድርገሽ ቃኝተሽ ይሆን? ብዙ ሰው ያደርገዋል። ክሩ ሲላላ ሰፋ አድርጎ ይርገበገባል፣ ንጹህ የነበረ ጊታር ዝዝ ማለት ይጀምራል። ክሩን ከማላላት ኮርዱን ቀይሪ። ዘፈኑ በጂ፣ ሲ እና ዲ ከሆነና ከፍ ካለብሽ፣ በዲ፣ ጂ እና ኤ ያዢውና ካፖ 2ኛው ፍሬት ላይ አድርጊ። የሚሰማው በኢ ነው፣ ከቀድሞው በሦስት ግማሽ ድምፅ ዝቅ ብሎ። አሁንም ከከበደሽ ካፖውን ወደ 1ኛው አውርጂው ወይም አንሺው። ካፖውንም እንደ ጣትሽ ከብረቷ ኋላ አስጠግተሽ፣ ሳታጣሚ አድርጊው። የተጣመመ ካፖ ራሱ ያንጫርራል።

ቀኝ እጅሽንም ዝቅ አድርጊው። ስትዘፍኚ ጊታሩ አጃቢ ነው፣ መሪዋ አንቺ ነሽ። ግርፉ ከክርንሽ ሳይሆን ከእጅሽ አንጓ ይምጣ። ወፍራም ፒክ (ክር መምቻ) ካለሽ ወደ 0.6 ሚሊ ሜትር ቀይሪ፣ ቀጭን ፒክ እጥፍ ስለሚል ክሩን በኃይል አይመታም። አንዳንድ አስተማሪ ቀጭን ፒክ አይወድም፣ ለሚዘፍን ጀማሪ ግን እኔ እመርጠዋለሁ።

በመጨረሻ ስልክሽን ሁለት ሜትር ያህል ራቅ አድርገሽ አስቀምጪና ሁለቴ ቅጂ፣ አንዴ እየመታሽ ብቻ፣ አንዴ እየዘፈንሽ። ጆሮሽ ከክሮቹ በላይ ስለተደፋ አንቺ የምትሰሚው ትንሽ ዝዝታ ፊት ለፊት ለተቀመጠ ሰው ብዙ ጊዜ ጨርሶ አይሰማም። በመጀመሪያው ቅጂ ከሌለና በሁለተኛው ካለ፣ ዘፈኑ ውስጥ የትኛው ቃል ላይ እንደሚመጣ ምልክት አድርጊ። ስምንት ዘጠኝ ጊዜ ከአስሩ ወይ ዘፈኑ የሚጋጋልበት ቦታ ነው፣ ወይ አንቺ የማትወጂው ኮርድ። ኤፍ ከሆነ አልገረምም።

በሁለቱም ቅጂ ላይ ካለ ግን ያን ወረቀት አምጪና የክሩን ቁጥር፣ ፍሬቱን፣ ክሩ ብረት ይሁን ናይለን፣ 12ኛው ፍሬት ላይ የለካሽውን ከፍታ ጻፊልኝ። ከዚያ የትኛውን ብሎን እንደምትነኪ፣ ወይም ጭራሽ እንዳትነኪ፣ እነግርሻለሁ።